ጉበት ላይ የሄደች ቅማል

«የለም፣ የለም፣ ብቻዬን ነው የምመጣው። ባለቤቴ እኮ ትተይብልኛለች እንጂ ሌላ የምታውቀው ነገር የለም» ሲል ካፒቴኑ በስልክ የተናገረውን፣ ሚስቱ የታጠበ ልብስ በክንዷ እንዳቀፈች ኮሪደሩ ላይ ቆማ ሰማችው። እዚያ መቆሟን አላየም። ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ በአንድ እጁ ስልኩን በሌላው የመጋረጃውን ጫፍ ይዞ፣ ከሥራ ሰዎች ጋር ሲነጋገር እንደሚያደርገው ድምፁን አወፍሮ ነበር። ቀልድ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ያስከትል ይሆናል ብላ ትንሽ ጠበቀች። እሱ ግን ሳቅ ብሎ፣ «በል እንግዲህ፣ አሥር ሰዓት ላይ» አለና ዘጋው። ወደ በረንዳው ወጣች። አንሶላውን፣ ፎጣውን፣ የራሷን ቀሚስ እያራገፈች በወጉ ሰቀለች። የእሱን ነጭ ሸሚዝ ግን በአንድ እጅጌው አንጠልጥላ ተወችው።

ካፒቴኑ ካፒቴን ሆኖ አያውቅም። ዕድሜውን በጭነት መርከብ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ነው የፈጀው፤ ሰፈሩ ግን ባሕር ላይ የሠራውን ሁሉ ካፒቴን ማለት ይቀናዋል። እንግሊዝኛውን የለመደው እዚያው ከመርከበኞቹ ጋር ሲበላ፣ ካርታ ሲጫወትና ሲሰዳደብ ስለሆነ፣ ከመጽሐፍ የተማረ ሰው የሚያመልጠው ነገር እሱን አያመልጠውም። እሷን ደግሞ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ አሳድጋና ድራ እንኳ ሰዉ የሚላት «መነኩሲት» ነው፤ የጀርመን መነኮሳት በሚያስተምሩበት የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ስላደገች። ከዚያ ወጥታ የጀርመን ማሽን የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ ጡረታ እስክትወጣ ጸሐፊ ነበረች። እሱ ጀርመንኛ አያውቅም። እሷ እንግሊዝኛ አታውቅም። ሁለቱም ቤት መዋል ከጀመሩ በኋላ፣ መሀል ከተማ ያለ አንድ የትርጉም ቢሮ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ወደ ጀርመንኛ የሚመልስ ሰው እንደሚፈልግ ሰሙ። ቢሮው የሚፈልገው ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር። «ታዲያ ተጋብተን አንድ አካል አይደለን?» አለና ካፒቴኑ ሄዶ ፈረመ። ያን ዕለት መነኩሲት ሆዷን ይዛ ነው የሳቀችው። ከዚያ ወዲህ እሱ እንግሊዝኛውን እያነበበ በቤታቸው ቋንቋ ይነግራታል፣ እሷ የነገራትን በጀርመንኛ ትጽፋለች። ስድስት መጽሐፍ እንዲህ ወጣ። በስድስቱም ላይ ያለው የእሱ ስም ነው፤ ይህም አንድ ቀን ከንክኗት አያውቅም ነበር።

ያን ዕለት የሰባተኛው መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍ ይጠበቅባቸው ነበር። ጀርመን ሀገር ሆነው ሥራቸውን የሚያርሙት ሴትዮ ለሌላ ጉዳይ ወደ ከተማዋ መጥተው ኖሯል፣ ምዕራፉን በእጃቸው መቀበልና ተርጓሚውን በዓይናቸው ማየት እንደሚፈልጉ ለቢሮው ሥራ አስኪያጅ ነግረውታል። ጠዋት የተደወለው ለዚህ ነበር። መነኩሲት ልብሱን ሰቅላ ስትመለስ ካፒቴኑ መነጽሩን አድርጎ፣ መጽሐፉን ገልጦ ጠበቃት። የሚሠሩበት ክፍል የትልቋ ልጃቸው መኝታ ቤት የነበረው ነው፤ ቁምሳጥኑ በር ላይ ልጅቷ በልጅነቷ የለጣጠፈቻቸው ተለጣፊ ኮከቦች እስካሁን አሉ። መስኮቱ ከታች ወዳለው የብረት በር መሥሪያ ስለሚከፈት፣ ብረት መቁረጫው ሲጮህ ሁለቱም አፋቸውን ዘግተው እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ሌላ ጊዜ በዚያ ጩኸት መሀል በምልክት ይቀልዱ ነበር። ዛሬ እሷ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም።

መጽሐፉ ስለ አንዲት የእርሻ ባለቤት ነው። እናቷን ልትጠይቅ ሄዳ ሳለ ባሏ የምትወዳትን ባዝራ ሳያማክራት ይሸጥባታል፤ በመጨረሻው ምዕራፍ ተመልሳ ጋጣው ባዶ ሆኖ ታገኘዋለች፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ ቁጣ ነው። ካፒቴኑ ቀድሞ አንብቦት ስለነበር፣ እነዚህ ሰዎች ሲቆጡ ግቢውን በእንስሳ ይሞሉታል፣ ዛሬ የምንተረጉመው መካነ አራዊት ነው እያለ ሊያስቃት ሞከረ። «ቀጥል» አለችው። መጀመሪያ የመጣችው ተርብ ነበረች፤ ሴትዮዋ እንደ ተርብ ሆነች ይላል እንግሊዝኛው። ጀርመንኛ ለእንዲህ ዓይነት ቁጣ ቀበሮንና ሰይጣንን አንድ ላይ ሰፍቶ የሠራው ቃል አለውና፣ መነኩሲት ያንን ጻፈችና እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«አሁን ‹ፍየሌን ወሰድክብኝ› ትለዋለች» አለ ካፒቴኑ።

«የሸጠባት ባዝራ አልነበረም እንዴ?»

«ፍየል የለም። ፍየል መውሰድ ሲሉ ማናደድ ነው፤ ለምን እንደዚያ እንደሚሉት እነሱም አያውቁት። እንዲያው ሰው ሳያስበው፣ ሳይታወቀው የሌላውን ቆሽት ሲያሳርር ማለት ነው።»

«ሳያስበው» የምትለዋን ስትሰማ ቀና አለች። ሳያስብ ያደረገ ሰው ጥፋት የለበትም ማለት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። እሱ መጽሐፉ ላይ እንዳቀረቀረ፣ እሱስ አልተጻፈም፣ የተጻፈውን ነው የምነግርሽ አላት። ጀርመኖች የተናደደ ሰው ዘንባባ ላይ ወጣ ይላሉ፤ ዘንባባ በማይበቅልበት ሀገር ይህን ከየት እንዳመጡት ልጅ ሆና መነኮሳቱን ጠይቃ ነበር፣ አንዷም አልመለሰችላት። ባሏ ዘንባባ ላይ አወጣት ብላ ጻፈች። ቀጥሎ ውሃ የተደፋባት ዶሮ መጣች። እጇ በልማድ ውሃ ወደ ተደፋበት ፑድል ውሻ ሄደና ቃሉን ከጻፈች በኋላ አጠፋችው። የእንግሊዝኛዋ ዶሮ ስትረጥብ ትቆጣለች፣ የጀርመንኛው ውሻ ሲረጥብ ግን ያፍራል እንጂ አይቆጣም። መነኮሳቱ ቁጣ አላስተማሯትም፤ የተቆጣ ጀርመንኛ የለመደችው ከድርጅቱ የመጋዘን ኃላፊ ነው፣ ሣጥን በተሰበረ ቁጥር፣ ጀርመኖቹ እንደሚሉት፣ እንደ ሸምበቆ ድንቢጥ ሲንጫጫ። ያ ሰውዬ ትዝ አላትና ድንቢጧን ለእርሻዋ ባለቤት ሰጠቻት።

የዚህ ሥራ ጣፋጩ ነገር ከዓረፍተ ነገሩ በኋላ የሚመጣው ነበር። ካፒቴኑ «ጀርመኖቹስ ምን ይሉታል?» ብሎ ይጠይቃል፣ እሷ በቤታቸው ቋንቋ ቃል በቃል ትመልስለታለች፣ እሱ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ይስቃል። አንዳንዱን ለሳምንት ሲደጋግመው ይሰነብታል፤ ሻይ ሲቀዘቅዝበት፣ አውቶቡስ ሲያመልጠው፣ የጀርመኖቹን አውሬ ይጠራል። ዛሬ ሦስቴ ጠየቃት፣ ሦስቴም አልነገረችውም። ራሱን የሚያመው ድብ የሚለው ላይ ሲደርሱ ረጋ ብሎ አብራራላት፤ ሰው ሲጠጋው የሚያጉረመርም፣ ምን ሆነሃል ሲሉት የማይናገር ማለት ነው አለ። ከዚያም ከመነጽሩ በላይ አየት አድርጓት፣ አንዳንድ ሰው ከጠዋት ጀምሮ እንደሚሆነው ማለት ነው ሲል ጨመረበት። መነኩሲት ጻፈች።

«ምን አደረግሽው ድቡን?»

«ተየብኩት» አለች።

ነገሩ አልገባውም። ጺሙን አከክ አከክ አደረገና ገጹን ገለጠ።

እኩለ ቀን ላይ እትዬ መጡ። እትዬ የካፒቴኑ ታላቅ እህት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ይኖራሉ፣ ምሳና እራት ግን አብረው ነው የሚበሉት። ዘንቢላቸውን አስቀምጠው የቲማቲምን ዋጋ ረገሙ፤ ሻጩ ሲመርጡ እጃቸውን እንደመታቸው፣ እሳቸውም በዚያው ጥለውለት ወደ ሌላው እንደሄዱ፣ ሌላው ደግሞ ከእሱ የባሰ ውድ ስለሆነ አፍረው እንደተመለሱ ተናገሩ። ሾርባና ዳቦ ቀረበ። እትዬ አሥር ሰዓት ላይ ካፒቴኑ ከጀርመን የመጡ ሰው እንደሚያነጋግር ሲሰሙ ደስታቸው ወሰን አጣ። ጥግ ላይ ላለችው የፋርማሲ ሴትዮ፣ ወንድሜ ጀርመንኛን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው ብዬ ነግሬያታለሁ፣ የመድኃኒት መመሪያ ሲቸግራት ላኪለት ብያታለሁ አሉ። ካፒቴኑ ዳቦውን ሾርባው ውስጥ ነክሮ እስኪሟሟ ረሳው። እትዬ ወደ መነኩሲት ዞረው፣ «አንቺም እግዜር ይስጥሽ፣ ቁጭ ብለሽ ትጽፊለታለሽ» አሏት፤ ከልባቸው ነበር። መነኩሲት አመስግና ጨው አቀበለቻቸው። 

የቀረውን ገጽ ከምሳ በኋላ ጨረሱት። መነኩሲት አትማ፣ ጠርዙን በጠረጴዛው አስተካክላ፣ ፋይል ውስጥ አስገባችው። ካፒቴኑ ነጩን ሸሚዝ ለብሶ፣ አንዱ እጅጌው ተጨማትሮ ስለነበር ኮት ደረበበት፤ ከረባቱን ሁለቴ አስሮ ሁለቴ ፈታው። መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ ቆየ። በመጨረሻ በሩ ላይ ቆሞ፣ አብራው ብትሄድ ምን ይመስላታል ብሎ ጠየቃት። እዚያ ሄዳ ምን እንደምትሠራ ጠየቀችው። ወረቀቱን ትይዝለታለች፣ ከዚያ ደግሞ ሴትዮዋ በጀርመንኛ አንድ ሁለት ነገር ካሉት ከጎኑ ሆና በክርን ጎሸም ታደርገዋለች፤ ከዚህ የተሻለ አላሰበም። ግንባሩ ላይ ያለውን ላብ አየችው። ልተወውና ብቻውን ሄዶ ይቅመሰው የሚል ሐሳብ ሽው ብሎባት ነበር። ጫማዋን ያደረገችው ግን ስላዘነችለት አልነበረም። ስድስት መጽሐፍ ጽፋ እስካሁን የጻፈችውን ያነበበ ሰው ፊት አይታ አታውቅም፤ እኚህን ሴትዮ ማየት ፈለገች።

ቢሮው ከአንድ ጫማ ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ሲወጡ «ደስ ብሎኛል» የሚለውን በጀርመንኛ አስጠናችው፤ እስኪደርሱ ድረስ እየተነፈሰ ደጋገመው። ሥራ አስኪያጁ ልጃቸው የሚሆን ወጣት ነው፤ ጀርመንኛ አያውቅም፣ ከውጭ ሰዎች ጋር የሚግባባው በእንግሊዝኛ ነው። ለካፒቴኑ ባለ ክንድ ወንበር ሳበለትና ለእሷ ከማተሚያው አጠገብ ያለችውን በርጩማ አሳያት። አራሚዋ ነጭ ጸጉራቸውን አጭር የተቆረጡ፣ አንገታቸው ላይ ሁለት መነጽር ያንጠለጠሉ፣ ለእግራቸው የሚመች እንጂ ለዓይን የማያምር ጫማ ያደረጉ አሮጊት ነበሩ። ካፒቴኑን በሁለት እጃቸው ጨበጡትና ረጅም ነገር ተናገሩ። «ደስ ብሎኛል» አለ። እሳቸውም ደስ አላቸው፤ ከቦርሳቸው የድሮ መጽሐፍ፣ ከስድስቱ ሦስተኛውን፣ አውጥተው ምልክት ያደረጉበትን ገጽ ገለጡና ጣታቸውን አንድ መስመር ላይ አስቀምጠው ጠየቁት።

ካፒቴኑ ራሱን ነቀነቀ። «አዎ» አለ በጀርመንኛ፤ ይህችን ያውቃታል።

ጥያቄው ግን አዎ የሚባልበት አልነበረም። አራሚዋ ፈገግታቸው ሳይጠፋ ደገሙለት፣ አሁን ቀስ ብለው፣ ልጅ እንደሚያናግር ሰው። ካፒቴኑ መጽሐፉን ተቀብሎ ገጹን አተኩሮ ተመለከተው። ሥራ አስኪያጁ አንዴ እሱን አንዴ እሳቸውን እያየ እስክሪብቶውን ማጫወት አቆመ። መነኩሲት በርጩማዋ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ከጠዋት ጀምሮ ይህችን ሰዓት በሐሳቧ ስትስላት ነው የዋለችው፤ ኮቱን ለብሶ፣ ድምፁን አወፍሮ፣ አፉን ከፍቶ ሲቀር። አሁን ግን ውሃ ውስጥ የገባች አይጥ መስሎ ሲንቀጠቀጥ ስታየው፣ የጠበቀችው ደስታ አልመጣላትም። ያዘነችለትም አልመሰላትም። የተሰማት ሌላ ነገር ነው፤ ጥያቄው የእሷ ነው፣ መልሱም የእሷ ነው፣ ሁለቱም በማያውቃቸው ሰው እጅ ተይዘው ቆመዋል። ቦርሳዋን እንደያዘች ተነሥታ ወደ ባሏ ሄደችና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ በቤታቸው ቋንቋ ተናገረች።

«‹ይህችን አራስ ነብር ከየት አመጣሃት?› ነው የሚሉህ። ‹እንግሊዝኛው ላይ ያለችው ተርብ ናት፣ በእኛም ሀገር እንዲህ የሚል የለም› ይላሉ።»

 ካፒቴኑ ቀና ብሎ አያት። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ከዚያ ትከሻው ቀስ እያለ ወረደ፣ ከባድ ዕቃ ካወረደ ሰው አልተለየም። መጽሐፉን ዘርግቶ ሰጣት።

«እኔ አላመጣኋትም» አላት። «ያንቺ ናት፣ አንቺው ንገሪያቸው።»

ከዚያም ራሱ ወደ አራሚዋና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ በእንግሊዝኛ ተናገረ። እንግሊዝኛውን እስከ ጠረጴዛው ድረስ የሚያመጣው እሱ እንደሆነ፣ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለውን መንገድ ግን ጭራሽ እንደማያውቀው፣ ስሙ ያለባቸውን ስድስት መጻሕፍት አንዱንም ማንበብ እንደማይችል ነገራቸው። መነኩሲት ቃሉ አልገባትም፤ ግን በጣቱ መጀመሪያ ራሱን፣ ቀጥሎ እሷን፣ ቀጥሎ መጽሐፉን ሲያሳይ አየችውና ገባት።

አራሚዋ ወንበራቸውን ወደ እሷ አዞሩ። መነኩሲት ጀርመንኛ ከሰው ጋር ከተናገረች ብዙ ጊዜዋ ስለነበር መጀመሪያ ቃላቱን እየፈለገች ተናገረች። የነብሯን ነገር እንዲህ ስትል አስረዳቻቸው። ያን ምዕራፍ ስትጽፍ ትልቋ ልጇ ወልዳ እነሱ ቤት፣ እዚያው የሚሠሩበት ክፍል ውስጥ ተኝታ ነበር፤ እነሱም ጠረጴዛውን ሳሎን አውጥተው ነበር የሚሠሩት። ልትጠይቃት የመጣች አንዲት ዘመድ በሩን በኃይል ስትዘጋው ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ። ያቺ ሰው ቀና ብላ የማታይ ልጅ ከአልጋዋ ተነሥታ በዘመድየዋ ላይ ስትጮህባት ቤቱ ተናወጠ። በዚያች ቅጽበት ካፒቴኑ ተርቧን እየነገራት ነበር። ተርብ ለዚያች ሴት አነሰችባት። በቤታቸው ቋንቋ እንዲህ ያለች ሴት አራስ ነብር ትባላለች፤ ከወለደች ገና ቀናት የሆናት ነብር ማለት ነው። እሷም ሳታስበው እንዲያ ብላ ጻፈች፣ በኋላም ማጥፋት አሳዘናት።

አራሚዋ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከሁለተኛው መጽሐፍ ጀምሮ ጠርጥረው እንደነበር ነገሯት፤ ጀርመንኛው የገዳም ልጅ ጀርመንኛ ነው፣ ነገር አዋቂነቱ ግን የወደብ ሰው ነው፤ አንድ በጣም እንግዳ የሆነ ሰውዬ ይሆናል ብለው ራሳቸውን አሳምነው ነበር። ምስጋናው እዚያ ላይ አበቃ። አዲሱን ምዕራፍ ከፋይሉ አውጥተው መነጽር ለወጡና ሥራ ጀመሩ። ዘንባባውን ሰረዙት፤ ባዝራዋን የተነጠቀች ሴት በዚያች ሰዓት እንዲህ የሚያስቅ ቃል አይወጣትም አሉ። መነኩሲት ተከራከረች፣ ተሸነፈችም። ሸምበቆ ላይ ያለችው ድንቢጥ ግን ጸናች፤ የመጋዘኑን ኃላፊ አስመስላ ስታሳያቸው አራሚዋ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው እሺ አሉ። ሁለቱ ሴቶች ወረቀቱ ላይ ተደፍተው ሲጨቃጨቁ ሰው ያየናል አላሉም። ሥራ አስኪያጁ ወደ ካፒቴኑ ጠጋ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ውሉ ላይ እኮ ያለው አንድ ሰው ነው» አለው በሹክሹክታ። ካፒቴኑ፣ እንግዲህ ሁለት አድርገዋ አለው። እንዲህ በቀላሉ አላለቀም፤ ሥራ አስኪያጁ ተቆጣ፣ ለምን ከመጀመሪያው አልነገራችሁኝም አለ፣ አራሚዋም በእንግሊዝኛ ጣልቃ ገቡ። የዚህኛው መጽሐፍ ሽፋን ስለታተመ የመነኩሲት ስም ውስጥ ገጽ ላይ በትንሽ ፊደል እንዲገባ፣ ከሚቀጥለው ጀምሮ ደግሞ ሽፋኑ ላይ እንዲሆን ተስማሙ። ሥራ አስኪያጁ ሲሸኛቸው ገና አልበረደለትም ነበር፤ ሆኖም በሩን የከፈተው መጀመሪያ ለእሷ ነው።

በአውቶቡስ ሳይሆን በእግር ተመለሱ። የሥራ መውጫ ሰዓት ስለነበር መንገዱ በሰው ተጨናንቋል፤ ሱቆቹ መብራት ማብራት ጀምረዋል። ካፒቴኑ ከረባቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከቷል፤ ቀላል ሆኖት ነበር፣ ስለ አራሚዋ ጫማ፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ ፊት እያወራ ሁለት ጎዳና አለፈ። ብቻውን የሚያወራ መሆኑን ሲያውቅ ዘወር ብሎ አያት።

«ጠዋት ሰምቼሃለሁ» አለችው ያኔ።

«ምኑን?»

«በስልክ ያልከውን። ከመተየብ ሌላ የምታውቀው የለም ስትል።»

ካፒቴኑ መሀል መንገዱ ላይ ቆመ። ከኋላው የሚመጡ ሰዎች እየገፉት አለፉ። ሁለቱን አንድ ላይ ካዩ ነገሩ ይታወቅብናል ብሎ ፈርቶ እንደሆነ፣ ሌላ ምንም እንዳላሰበ ነገራት። ድምፁ ውፍረት አልነበረውም።

«ከፈራህ ፈራሁ በለኝ» አለችው። «እኔን አሳንሰህ ለምን ከኋላዬ ትደበቃለህ? ስትፈርም ስቄልሃለሁ። ስሜ ባይኖርም ግድ የለኝም ብዬ ኖሬያለሁ። ግድ አለኝ ለካ። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅሁት፣ ቆሽቴ እርር እስኪል።»

ሰው እያያቸው ነበር፤ እሷ ግን ድምጿን አልቀነሰችም።  «ልክ ነሽ» አለ። ቀጥሎ «ግን» የሚል ቃል ይመጣል ብላ ጠበቀች፣ አልመጣም። እጇ ላይ ያለውን ባዶ ፋይል ተቀበላትና ብብቱ ውስጥ አደረገው። እንዲህ ሆነው የሆነ ያህል ከተጓዙ በኋላ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ የጠዋቱን ድብ ጀርመኖቹ ምን እንደሚሉት ጠየቃት። ልትነግረው አልፈለገችም ነበር፤ አፏ ግን ቀድሟት ፈገግ አለ።

«ጉበቱ ላይ ቅማል ሄደችበት ይላሉ።»

ካፒቴኑ የአንድ ሱቅ መስኮት ተደግፎ ሳቀ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ፣ እንደገና አደረገው፣ እንደገና ሳቀ። ቅማሊቱ በየት በኩል ገባች እያለ ሲጠይቃት፣ የሱቁ ባለቤት ምን ሆነው ነው ብሎ በሩ ላይ ወጥቶ አያቸው።

ቤት ሲደርሱ እትዬ እራት አሙቀው ይጠብቃሉ። እንዴት ሆነ አሉ ገና ሳይቀመጡ። ካፒቴኑ ማንም ሳያስገድደው ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከላቸው፤ «አዎ» ያለበትን አሳያቸው፣ ሚስቱ ከበርጩማዋ እንዴት እንደተነሣች ተነሥቶ አሳያቸው፣ ነብሯ ጋ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አደረገ። መነኩሲት ቀና ሳትል ትበላለች፤ ጆሮዋ ግን አንድ ቃል አላመለጠውም። ስለ እሷ እንዲህ ለሰው ሲያወራ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። እትዬ መጀመሪያ ሳቁ። እየቆየ ሳቃቸው ቀነሰ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ቆይ እስቲ» አሉ። «አንተ ጀርመንኛ አታውቅም እንዴ?»

አላውቅም አላቸው። ምንም? ምንም። እትዬ ከአንገታቸው በላይ ቀሉ። እኔ ይኼን ሁሉ ዓመት ለሰፈሩ ምን እያልኩ ነው የኖርኩት፣ ለፋርማሲዋስ ነገ ምን ፊት ይዤ ነው የማልፈው አሉና ነጠላቸውን ሰብስበው በጓሮው በር ወጡ። የክፍላቸው በር ሲዘጋ መስታወቱ ነዘረ። ካፒቴኑና መነኩሲት ተያዩ፤ ቀኑን ሙሉ እሷ ላይ የነበረው ኩርፊያ ቤት የለወጠ መሰላቸው። መነኩሲት ሾርባቸውንና ዳቦአቸውን ሳህን ላይ አድርጋ ተከተለቻቸው። ሁለቴ አንኳኳች። በሩ አንድ ስንዝር ተከፈተ፣ እጅ ወጣ፣ ሳህኑ ገባ። ግን ወዲያው አልተዘጋም።

«ቀዝቅዟል» አሉ እትዬ ከጨለማው ውስጥ።

«ላሙቅልዎት?»

«ተይው» አሉ። በኋላ ጭንቅላታቸውን አወጡ። «እሺ፣ ጀርመንኛ የምታውቀው የወንድሜ ሚስት ናት እላታለሁ። እንግሊዝኛውንስ? እንግሊዝኛውን በእርግጥ ያውቀዋል?»

 ከኩሽናው በኩል ካፒቴኑ ሳህን ሲያጥብ ይሰማል፣ እያፏጨ። ሰባት መጽሐፍ ሙሉ እሱ እንግሊዝኛው ተርብ ይላል ሲላት ተርብ፣ ድብ ይላል ሲላት ድብ ብላ ተቀብላለች፤ አንድ ቀን ዞራ አልጠየቀችም። ሳቋ መጣባት፣ የጓሮውን ግድግዳ እስክትደገፍ ድረስ።

«እኔ በምን አውቃለሁ፣ እትዬ» አለች። «አምኜው ነው የምጽፈው።»